የሐይቅ ሸለቆ ታሪክና ጠባይ
በቦሩ ሜዳ የቀረበ ዲስኩር

ቦሩ ሜዳ ላይ ቆሞ መናገር ቀላል አይደለም። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ሊቃውንቱን ሰብስበው በሃይማኖት ያከራከሩት እዚህ ነው። መምህር አካለ ወልድ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩትም በዚሁ በቦሩ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የቆመ ተናጋሪ የሚያውቀውን ብቻ ይዞ መቅረብ አለበትና፣ እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁበትን የዛፍና የፍሬ ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «የሐይቅ ሸለቆ ታሪክና ጠባይ» ይላል። ውርጭ ከሚያውቀው ከዚህ ሜዳ እስከ ሐይቅ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ከደሴ ቢቆጠር 30 ኪሎ ሜትር ያህል። በዚያች አጭር መንገድ ግን ገብሱ ቀርቶ ማሽላው፣ ባሕር ዛፉ ቀርቶ ማንጎው ይመጣል። የሐይቅ ውኃ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሲሆን፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱም ሲለካ ከ80 ሜትር በላይ ተገኝቷል። ቀን ከፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ለዳርቻው ይመልሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ እዚህ ላይ የገብሱን ቡቃያ የሚያጠቁረው ውርጭ እዚያ ቡናውንና ፓፓያውን የማይነካው በዚህ ምክንያት ነው። ከበላዩ ያለው የአርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውኃ በጅረት ወርዶ ይገባበታል። ከሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ውኃው በአብዛኛው የሚቀነሰው በትነት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደሰጠሁት ጉዳይ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የተላኩ መልእክተኞች ምጽዋ ወረዱ። አብሯቸው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበረ። ስድስት ዓመት በአገራችን ቆይቶ ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። የታሪክ ሰዎች ይህን መጽሐፍ የሚያገላብጡት በአብዛኛው ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና ስለ ቤተ መንግሥቱ ሥርዐት ብለው ነው። ስለ ሐይቅ የጻፈው ጥቂት መስመር ነው፤ ለእኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በሐይቁ መካከል ደሴት እንዳለች፣ በደሴቲቱ ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም እንዳለ፣ መነኮሳቱም ብዙ እንደሆኑ ይነግረናል። ወዲያው አስከትሎ ገዳሙ ብዙ ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎ እንዳለው ይመሰክራል። መነኮሳቱ የሚሻገሩባትን የደንገል ታንኳ፣ በታንኳዋም ላይ የታሰሩትን አራት ትልልቅ ቅሎች ሳይቀር ገልጿል። በውኃው ውስጥ ጉማሬ እንደነበረም ጽፏል፤ ዛሬ በሐይቅ ጉማሬ የለም።

ይህችን ምስክርነት ዝም ብላችሁ አትለፏት። ብዙ ሰው የፍራፍሬ ልማት ወደ ወሎ የገባው በጣሊያን ዘመን ወይም በግብርና ጣቢያ ችግኝ ነው ብሎ ያምናል። ማንጎውና አቮካዶው በኋላ ዘመን የመጡ ናቸው፤ እውነት ነው። ብርቱካንና ሎሚው ግን ከ500 ዓመት በፊት የውጭ አገር እንግዳ ዓይን እስኪስብ ድረስ በዝቶ ነበር። አንድን ዛፍ ከዘር ተክሎ ለፍሬ ለማድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። «ብዙ» ለመባል ደግሞ ከአንድ ትውልድ የበለጠ እጅ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አልቫሬዝ ያየው የአትክልት ቦታ ከመምጣቱ ብዙ አስቀድሞ የተተከለ ነው።

ፍሬዎቹስ ምን ዓይነት ነበሩ? እዚህ የምናገረው የራሴን ፍርድ ነው። ትርንጎ ዛሬም የምናውቀው ነው፤ ልጣጩ ወፍራም፣ ነጩ ሥጋው የሚበላ፣ ጭማቂው ጥቂት። ከእስያ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ከተጓዙት የሎሚ ዘሮች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። ሎሚና መራራው ብርቱካን ከዚያ በኋላ በዐረብ ገበሬዎችና ነጋዴዎች እጅ ተስፋፍተዋል። ጣፋጩ ብርቱካን ግን በአልቫሬዝ ዘመን በራሱ በአውሮፓም ገና አዲስ ነበረ። የሐይቁ ብርቱካን መራራው ነው የምለው ለዚህ ነው፤ የመጣውም በቀይ ባሕር በኩል፣ በሙስሊም ነጋዴዎች መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ነጋዴው ሙስሊም፣ ተካዩ መነኩሴ። ስለዚህ ሸለቆ ጠባይ ንገረን ላላችሁኝ፣ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አልቫሬዝ ከገባ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1531፣ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቅ ዳር ሰፈረ። የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ እንደሚተርከው፣ ወደ ደሴቲቱ ለመሻገር ወታደሮቹ ከእንጨት መንሳፈፊያ ማሰር ነበረባቸው። መነኮሳቱም ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ሀብቱን አስረከቡ። እኔ ከዚህ የማነሣው የውኃውን ነገር ነው። ያኔ ያለ ታንኳ የማይደረስበት ገዳም ዛሬ በእግር ይገባበታል። ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ተያይዛለች። ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች ገዳሙን ለመሳለም ወይም በሩ ድረስ ለማየት ስትሄዱ፣ እግራችሁ የሚረግጠው የድሮ የሐይቅ ወለል መሆኑን አስቡ።

ሌላ ምስክርም አለ፤ ጭቃው። እ.ኤ.አ. በ2003 ዳርቢሻየር፣ ላምና መሐመድ ዑመር የተባሉ ተመራማሪዎች ከሐይቅና ከአርዲቦ ወለል በረጅም ቱቦ የወጣውን ጭቃ መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። ዛፍ ሲያብብ የአበባው ብናኝ በነፋስ ተወስዶ ውኃው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ይሰምጥና በየዓመቱ ጭቃ ሥር ይቀበራል። ብናኙ አይበሰብስም። በማጉያ መነጽር ሲታይ የጽድ ከወይራው፣ የዝግባ ከክትክታው ይለያል። ከሥር ወደ ላይ እየቆጠሩ ሲወጡ የ3,000 ዓመት ታሪክ ይነበባል። ምን ተነበበ? በመጀመሪያ የዝግባና የጽድ ደን ነበረ። ሰው መነጠረው፤ እሳቱም በከሰሉ ቅሪት ይታወቃል። በቦታው ክትክታና ሣር በቀለ፤ ይህም 1,800 ዓመት ያህል ዘለቀ። ቀጥሎ የሆነው ነው እኔን የሚያስደንቀኝ፤ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ደኑ ተመለሰ። ጽዱ፣ ወይራው፣ ቀውቱ እንደገና ሸለቆውን ሸፈነ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ የሕዝብ መመናመንና የዝናብ መጨመር ሊሆን ይችላል ይላሉ። ከ1700 ወዲህ ደግሞ እንደገና ተመነጠረ።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? «ድሮ ሁሉ ጫካ ነበር፣ እኛ ነን ያጠፋነው» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። አባቶቻችን የኖሩበት ተራራ ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ የተራቆተ ነበር። አልቫሬዝ ያለፈው ደኑ በሚመለስበት ዘመን ነው። ተራቁቶ ሺህ ዓመትና ከዚያም በላይ የቆየ ምድር ተመልሶ ሊለብስ እንደሚችል ይህ ሸለቆ አሳይቷል። ሎሚና ብርቱካኑን ግን ጭቃው አይነግረንም፤ አበባቸውን የሚያዳርሰው ንብ እንጂ ነፋስ ስላልሆነ ብናኛቸው ሐይቅ ውስጥ እምብዛም አይወድቅም። ጭቃው የደኑን፣ መጽሐፉ የጓሮውን ይመሰክራሉ። ሁለቱን አጣምሮ ማንበብ የኛ ፈንታ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልለፍ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወረባቦ ውስጥ አንድ አባት ጓሯቸውን እንዳይላቸው ጠሩኝ። ብርቱካናቸው ቢጫ ሆኗል። «ውኃውን አልነፈግሁት፣ ፍጉን አልነፈግሁት፣ ወላሂ ምን እንደጎደለው አላውቅም» አሉኝ። ቅጠሉን ቆርጬ ወደ ብርሃን አዞርኩት። ምግብ ያነሰው ቅጠል ሲገረጣ ከመሐል ጅማቱ ግራና ቀኝ እኩል ነው የሚገረጣው። ይህኛው ግን በግራ ሰፊ ቢጫ፣ በቀኝ አረንጓዴ፤ ዝብርቅርቅ ያለ ነበር። ፍሬውን በቢላዋ ሰነጠቅሁት። ወዳንድ ጎን የተጣመመ፣ ታችኛው ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ የቀረ ነው። በውስጡ ያለው ዘር ሳያድግ ጠቁሮ ሞቷል፤ ጭማቂው ይመራል። ለአባታችን «አባባ፣ ይህ የርስዎ ጥፋት አይደለም፤ በሽታ ነው፤ መድኃኒትም አልተገኘለትም» አልኳቸው። ዛፉን አባታቸው እንደተከሉት ነገሩኝና ግንዱን እየዳሰሱ ዝም አሉ።

በሽታው በዓለም ሁሉ የሚታወቅ ነው። ተዋሲው ባክቴሪያ ነው፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያመላልሰው ጭማቂ የምትመጥ ትንሽ ነፍሳት ናት፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚያሻግረው ደግሞ የታመመ ችግኝ ነው። የባክቴሪያው የእስያ ዓይነት ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2010 በሳይንስ ተመዝግቧል። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ በ2005 ተገኘባት፤ ይህ ሁሉ ገንዘብና ምርምር እያላት ከብርቱካን ምርቷ ከዐሥር እጅ ዘጠኙን ያህል አጥታለች። የኛ ገበሬ ምን ያህል ሊቋቋም እንደሚችል ከዚህ ገምቱ። በብዙ ጓሮ ብርቱካኑ ሲሞት ቦታውን የወሰደው ጫት ነው። ገበሬውን አልወቅስም፤ ልጆች ያሳድጋል። ግን ከ500 ዓመት በላይ የኖረ የፍሬ ዘር ማንም ልብ ሳይለው በአንድ ትውልድ ሲያልቅ ማየት ያንገበግባል።

ሰዓቱ እየገፋ ነው፤ ርእሱ የሚጠይቀውን ታሪክ በአጭሩ ልበል። ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የአገሬው ትረካ አለ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልት ተበደለች፣ ፈጣሪም ዙሪያዋን ውኃ አደረገው፣ የተቀመጠችበት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይላል። ገዳሙን ትውፊት ወደ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። ገዳሙ ታላቅ የሆነው አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1248 መምህር ሆነው ከተሾሙ ወዲህ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ታደሰ ታምራት ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የሐይቅ አበምኔቶች ታሪክ በ1970 ጽፏል፤ አንብቡት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ተምረዋል፤ የዳጋ እስጢፋኖሱ አባ ሕሩተ አምላክም እንዲሁ። የሐይቁ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ቃል ነበረው። ዙሪያውን የሚኖረው የተሁለደሬ ገበሬ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በአንድ ገበያ ይሸጣል፣ በአንድ ሐይቅ ያጠምዳል።

ዓሣውን ካነሣሁ፣ ቆረሶ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ በ1992 እንዳሳተሙት ግን የሐይቁ ውኃ ጥራት እየቀነሰ፣ በአልጌ እየተሞላ መጥቷል። ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ይመጣል፤ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ከማሳው የታጠበው አፈር፣ ማዳበሪያ፣ ከከተማው የወረደው ቆሻሻ ሁሉ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ከአርዲቦ የሚወርደውን ውኃ ለመስኖ በጠለፍን ቁጥርም የሐይቅን ድርሻ እየቀነስን ነው።

ልመናዬን ልናገርና ልጨርስ። በየጓሮው፣ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የቀሩ አሮጌ የሎሚ፣ የትርንጎና የመራራ ብርቱካን ዛፎች ካሉ አስመዝግቧቸው። ጤናማ ከሆኑት ዘር ተወስዶ ነፍሳት በማያስገባ መረብ ውስጥ የሚያድግበት የችግኝ ጣቢያ ለዚህ ሸለቆ ያስፈልገዋል። የግብርና ባለሙያዎች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ይህን ሥራ ጀምሩት፤ እኔ በቀረኝ ጉልበት አብሬያችሁ እቆማለሁ። ገበሬዎች ደግሞ በሚመጣው ክረምት የብርቱካን ችግኝ ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፣ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ። ዝብርቅርቅ ካለ አትቀበሉ፤ በጓሯችሁ የታመመ ዛፍ ካለም የጎረቤታችሁን ሳይበክል ንቀሉት።