ከሕመምተኛው አልጋ በፊት
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከእናንተ መካከል በሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ነጭ ካፖርት የለበሱ ተማሪዎች በዙሪያው ቆመው አንዱን ጥያቄ ደጋግመው የጠየቁት ሰው አይጠፋም። በሽተኛው ለትምህርት ሲል ይታገሣል፤ ተማሪውም እጁ እየተንቀጠቀጠ ይማራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ነገር ግን በሽተኛው ሳይደብቅ የተናገረውን ያልሠለጠነ ጆሮ ሳያስተውለው የቀረ እንደ ሆነ ጥፋቱ የማን ነው? እንግዲህ ሐኪም የሚሆን ሰው መጠየቅንና ማዳመጥን በማን ላይ ይለማመድ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለጉት በአሜሪካ አገር የነርቭ ሐኪምና መምህር የነበሩት ዶክተር ሃዋርድ ባሮውስ ናቸው። እርሳቸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዲት ጤነኛ ሴት እግሮቿ የሰለሉ በሽተኛ መስላ እንድትታይ አሠለጠኑ። ተማሪዎች መረመሯት፤ እርሷም እንዴት አድርገው እንደ ጠየቋትና እንደ ነኳት ለመምህሩ ተናገረች። በጊዜው ነገሩን እንደ ቲያትር ቈጥረው የነቀፉት ነበሩ፤ ዛሬ ግን በብዙ አገሮች የታወቀ የማስተማሪያ ሥርዐት ሆኗል። ይሁን እንጂ ሰው ደመወዝ ይሻል፤ ይደክማልም።

ሁለተኛው መንገድ የኮምፒዩተር ነው። በ1972 ዓ.ም. የአእምሮ ሐኪሙ ኬኔት ኮልቢ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ «ፓሪ» የተባለ ፕሮግራም አበጁ። ይኸውም «ሰዎች ያሳድዱኛል» ብሎ የሚጠራጠር በሽተኛ መስሎ በጽሑፍ ይመልስ ነበር። ቃለ ምልልሱን ያነበቡ የአእምሮ ሐኪሞችም የፕሮግራሙን ቃል ከሰው ቃል ለመለየት ተቸገሩ።

ከ2022 ዓ.ም. ወዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰፊው በሕዝብ እጅ ስለ ገባ፣ ይህ አሳብ እንደ ገና ኀይል አግኝቷል። መምህሩ የበሽተኛውን ዕድሜ፣ ሥራና ሕመም፣ እንዲሁም ካልተጠየቀ የማይናገረውን ነገር ጽፎ ይሰጠዋል፤ መሣሪያውም እንደዚያ ሰው ሆኖ ይመልሳል። በመጨረሻም ተማሪው ምን ሳይጠይቅ እንደ ቀረ ሊያሳየው ይችላል። ተማሪው በእኩለ ሌሊት ዐሥር ጊዜ ቢሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም። ጥቅሙ ይህ ነው፤ ትልቅም ጥቅም ነው።

ጉድለቱስ? ይህ በሽተኛ ላብ አያልበውም፤ የልብ ትርታው አይዳሰስም፤ ዐይኑን ሰብሮ ዝም አይልም። አንዳንድ ጊዜም ያልተሰጠውን ታሪክ ከራሱ ይፈጥራል። ከዚህም በቀር የተማረው ከሁሉ ይልቅ ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። የእኛ ሰው ግን «ምች መታኝ»፣ «ቆረጣጠመኝ» ይላል፤ ትኩሳት ይሁን ራስ ምታት ወይም ሌላ ነገር፣ ጠይቆ የሚለየው ሐኪሙ ነው። እናት ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ሳለች የሚያፍሩበትንም ሕመም አይናገሩም። ይህን የሚያውቁት በየጤና ጣቢያው የሚሠሩት ነርሶችና ሐኪሞቻችን ናቸውና፣ የበሽተኛውን ታሪክ እነርሱ ሊጽፉት ይገባል።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለመግዛት የሚጠይቅ ደብዳቤ በጠረጴዛችሁ ላይ የቀረበ እንደ ሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር መርምሩ፦ መሣሪያው የሚመጣው ተማሪውን ለሕመምተኛው አልጋ ለማዘጋጀት ነው ወይስ ከአልጋው ለማራቅ? የመጀመሪያው ከሆነ ሳታመነቱ ፈርሙ፤ ሁለተኛው ከሆነ ግን ደብዳቤውን መልሱት። ነገ በዚያ አልጋ ላይ ተኝተን «ምንዎን ያምዎታል?» የምንባለው እኛው ነንና።