አስቀድሞ ከእርሱ ጋር መሆን

በቁምስናችን የ50ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል ለምእመናን የተደረገ ንግግር



ይህን የ50ኛውን ዓመት በዓል በሰላም ለማክበር ላደረሰን ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይሁን። ድንጋይ ተሸክመው፥ ጭቃ አቡክተው ይህችን ቤት ሠርተው ላቆዩልን፥ ዛሬ ግን በሞት ለተለዩን አባቶቻችንና እናቶቻችን ዕረፍተ ነፍስን ይስጥልን። እኔ ታዝዤ በፊታችሁ የቆምሁት በእነዚህ ዓመታት የተሠራውን ሥራ ልቈጥር አይደለም፤ እርሱን ሌሎች በሚገባ ጽፈውታል። የምናገረው ሥራው ሁሉ ስለሚቆምበት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ጌታችን ከመድከማችን አስቀድሞ ከጌታችን ጋር መሆን የሚገባን ስለ መሆኑ ነው።

ኢዮቤልዩ የሚለውን ስም የወሰድነው ከኦሪት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ሃምሳኛው ዓመት በቀንደ መለከት ታውጆ በተቀደሰ ጊዜ ባሪያው ነፃ ይወጣ ነበር፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለርስቱ ይመለስ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ጋር እኛ የምንዘነጋው አንድ ትእዛዝ ነበረ፤ በዚያ ዓመት ዘር አይዘራም፥ መከርም አይሰበሰብም ነበር። ገበሬው ሞፈሩንና ቀንበሩን ሰቅሎ፥ የሚመግበው የገዛ ክንዱ ሳይሆን እግዚአብሔር እንደ ሆነ በዓይኑ ሊያይ ይገባው ነበር። እንግዲህ የዚያን የዕረፍት ዓመት ስም ይዘን ከዓመታት ሁሉ ይልቅ የተጨነቅንበትና የታወክንበት ዓመት ያደረግነው እንደ ሆነ፥ ስሙን ወስደን ምሥጢሩን ትተናል ማለት ነው።

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወቀሰው እኔ ነኝና። በበዓሉ ዝግጅት ወራት የቤተ ክርስቲያኑ ቍልፍ በእኔ እጅ ነበረ። ከማለዳ እስከ ማታ እገባለሁ፥ እወጣለሁ፤ ወንበር አስቈጥራለሁ፥ መብራት አስጠግናለሁ፥ የመዘምራኑን ልብስ እቀበላለሁ። በቅዱስ ቍርባን ፊት በቀን ሃያ ጊዜ ሳላልፍ አልቀርም፤ ጕልበቴን ባጥፍም እንኳ ለልማድ ያህል ብቻ ነበር። አንድ ቀን ወደ ማታ የኮሚቴው ሰዎች ይጠብቁኝ ስለ ነበረ በሩን ልዘጋ እየፈጠንሁ ስገባ፥ አንዲት አረጋዊት እናት ከኋለኛው ዐምድ ሥር ተቀምጠው አገኘሁ። «እናቴ፥ ሰዓቱ ደርሷል፤ ልዘጋ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም ምርኵዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡና፥ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ድካምህን አያለሁ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በቤቱ ስትሠራ ውለህ ባለቤቱን ሳትሰናበተው ትሄዳለህን?» አሉኝ።

የምመልሰው ቃል አላገኘሁም። በአገራችን ልማድ የቀን ሠራተኛ እንኳ «ደኅና እደሩ» ሳይል ከግቢ አይወጣም፤ እኔ ግን ስንት ቀን እንዲሁ ወጥቼ ነበር። ኮሚቴውን ጥቂት አስጠብቄ በዚያው ተቀመጥሁ። በተቀመጥሁም ጊዜ፥ ስለ እርሱ ለሰው ብዙ እናገር እንደ ነበር፥ ከእርሱ ጋር ግን ከተነጋገርሁ ብዙ ቀን እንዳለፈኝ አወቅሁ።

ወንጌላዊው ማርቆስ በ3ኛው ምዕራፍ ጌታችን ዐሥራ ሁለቱን ለምን እንደ መረጣቸው ይነግረናል። የመጀመሪያው ምክንያት ከእርሱ ጋር እንዲሆኑ ነው፤ ለስብከት እንዲልካቸው የሚለው ከዚያ በኋላ ይከተላል። ይህ ቅደም ተከተል በድንገት የተጻፈ አይምሰላችሁ። በ6ኛው ምዕራፍ ሐዋርያት ከተላኩበት ተመልሰው ያደረጉትንና ያስተማሩትን ሁሉ በነገሩት ጊዜ፥ ጌታ ወዲያው ሌላ ሥራ አልጨመረላቸውም፤ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ብዙ ሆኖ እንጀራ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበርና፥ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ አዘዛቸው። በአንጾኪያም የነበረችው ቤተ ክርስቲያን በርናባስንና ሳውልን ወደ አሕዛብ የላከቻቸው አስቀድማ በሰው ምክር ዐቅዳ አይደለም፤ በጾምና በአምልኮ ሳሉ መንፈስ ቅዱስ ስለ ተናገራቸው ነው። ከጌታ ፊት ያልተነሣ መልእክተኛ የማንን መልእክት ያደርሳል?

ነገር ግን ከእናንተ አንዱ፥ «ሁላችን ከተቀመጥን ሕፃናቱን ማን ያስተምራል? ሕሙማኑን ማን ይጠይቃል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከማርታ ቤት እናገኘዋለን። ማርታ ጌታን በቤቷ የተቀበለች ናት፤ እርሷ ባትኖር ማርያም የምትቀመጥበት ቤት ባልተገኘም ነበር። ጌታም ማስተናገዷን አልነቀፈም፤ የነቀፈው በብዙ ነገር መጨነቋንና መታወኳን ነው። መታወክ ወዴት እንዳደረሳት ተመልከቱ። በመጀመሪያ እኅቷን ከሰሰች፤ ቀጥላም ጌታን ራሱን አታስብልኝም ብላ ወቀሰችው፤ በመጨረሻም ምን ማዘዝ እንደሚገባው ልታስተምረው ደፈረች። ለእንግዳው ክብር የተጀመረው ሥራ እንግዳውን በመውቀስ ተፈጸመ።

በእኛም ዘንድ እንዲሁ ይሆናል። ስሜ ለምን ከእገሌ ስም በታች ተጻፈ፥ ወንበሬ ለምን ወደ ኋላ ሆነ፥ እኔ ስደክም ሌላው ለምን ይቀመጣል የሚል ነገር በመካከላችን ሲሰማ፥ ሥራው ከምንጩ እንደ ተለየ እንወቅ። ጊዜ ባጠረን ቀን ከሁሉ አስቀድመን የምናሳጥረው ጸሎትን ከሆነ፥ ይህም ሁለተኛ ምልክት ነው። ነገራችን ሠርግ የደገሰ ሰው ቤት ይመስላል፤ ድንኳኑ ተተክሎ፥ ጠላው ተጠምቆ፥ እንጀራው ተጋግሮ ሳለ፥ ሙሽራው በደጅ ቆሞ «ግባ» የሚለው አጣ።

ስለ ማርታ ግን ታሪኩ በዚያ አላለቀም። ወንድሟ አልዓዛር በሞተ ጊዜ ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደ ሆነ በአፏ የመሰከረች እርሷ ናት። ከዚያም በዮሐንስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ በቢታንያ በተደረገው እራት እንደ ገና ስታገለግል እናገኛታለን፤ ያን ጊዜ ግን ማጕረምረሟ አልተጻፈም። ሥራዋን አልተወችም፤ ልቧ ግን ቦታውን አግኝቷል። ጌታ ከእኛም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይህን ያስረዳል፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1927 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዛቪየር ጋር ቅድስት ተሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስን የሚሲዮኖች ሁሉ ጠባቂ አድርገው ሠየሙ። ፍራንቸስኮስ በ1542 ወደ ህንድ፥ በ1549 ወደ ጃፓን የደረሰ፥ ከሚያጠምቀው ሕዝብ ብዛት ክንዱ እስኪዝል ድረስ የደከመ ታላቅ ሐዋርያ ነበር። ተሬዛ ግን በ15 ዓመቷ በፈረንሳይ አገር በሊዝዩ ከተማ ወደ ቀርሜሎሳውያን ደናግል ገዳም ገባች፤ በ1897 በ24 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ እስክትሞት ድረስም ከዚያ አልወጣችም። በሩቅ አገር ወዳለ ገዳም ለመሄድ ተመኝታ ነበር፤ ሕመሟ ከለከላት። የሠራችው ሥራ መጸለይ፥ ለሁለት ሚሲዮናውያን ደብዳቤ መጻፍ፥ ሕመሟንም ስለ እነርሱ ማቅረብ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ባሕር የተሻገረውንና ከገዳም ያልወጣችውን በአንድ መዓርግ ያቆመቻቸው፥ የሁለቱም ኀይል ከአንድ ምንጭ ስለ ተቀዳ ነው። ፍራንቸስኮስም ቢሆን በ1552 የሞተው ሊገባባት የተመኛትን ቻይናን ከፊቱ እያየ፥ ሳይገባባት፥ በአንዲት ደሴት ላይ ነው። ዕቅዱ ሳይፈጸም ቀረ፤ ጌታው ግን አልተለየውም። ተስፋውን በሥራው ፍሬ ላይ ብቻ ያደረገ ሰው በዚያች ደሴት ምን ይተርፈው ነበር?

ወደ አገራችን ስንመለስም ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን እናገኛለን፤ አገሬው አቡነ ያዕቆብ ብሎ የጠራው ነው። በ1839 ዓድዋ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕንፃ አላቆመም፤ ቋንቋውን ተምሮ፥ የአገሩን ኑሮ ኖሮ፥ በትሕትናና በጸሎት ተቀመጠ። በ1841 ከደጃዝማች ውቤ መልእክተኞች ጋር ወደ ግብፅ በወረደ ጊዜ፥ ታላቁ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል አብረውት ነበሩ። የእኒህን ሊቅ ልብ የማረከው በጉዞው ላይ ያዩት የሕይወቱ ቅድስና እንደ ነበረ ይነገራል። እውነትም በብዙ ቀን መንገድ ላይ ሰው ከሰው ሊሰወር አይችልም፤ ጸሎቱም፥ ቍጣውም፥ ትዕግሥቱም ይታያል። አቡነ ያዕቆብ ታሰረ፥ ተሰደደ፤ በ1860 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በአሊጋዴ በረሃ በመንገድ ላይ ሳለ ዐረፈ። በዚያች ቀን ሥራውን በቍጥር የሚመረምር ሰው ቢኖር ኖሮ እጅግ ጥቂት ነው ባለ ነበር። የዘራው ዘር ግን ሳይጠፋ ቀርቶ እነሆ ዛሬም በአገራችን ይታያል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ነገር በቃል ብቻ እንዳይቀር ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ፥ ማናቸውም ኮሚቴ ወይም ማኅበር ጉዳዩን ከመጀመሩ በፊት ሩብ ሰዓት በቅዱስ ቍርባን ፊት በጽሞና ይቀመጥ፤ በዚያ ዝም ያላለ በስብሰባው ለመናገር አይቸኩል። ሁለተኛ፥ በሳምንት አንድ ማታ አዳራሻችን ተዘግቶ ቤተ ክርስቲያናችን ክፍት ትሁን፤ በዚያ ማታ ስብሰባም፥ ልምምድም፥ ሒሳብም አይኑር። ሦስተኛ፥ እያንዳንዳችን ለቤቱ ሠርተን ስንወጣ ባለቤቱን እንሰናበት። «ጌታ ሆይ፥ የቻልሁትን ሠርቻለሁ፤ የቀረውን ላንተ ትቼ እሄዳለሁ» ማለት ረጅም ጊዜ አይወስድም፤ ብዙ ሸክም ግን ያወርዳል።

ምናልባት ሥራው ይቀንስ ይሆን ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል። አባቶቻችን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ያለ ጸሎት የፈጠንበትን ሥራ ስንት ጊዜ መልሰን ለቅመናል! ሥራው ቢቀንስም እንኳ የቀረው የእርሱ ሥራ ይሆናል። የኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን ድካሟና ትዕግሥቷ በራእየ ዮሐንስ ተመስግኖላት ሳለ፥ የቀድሞውን ፍቅሯን በመተዋ እንደ ተወቀሰች አንርሳ። ከእንግዲህ በኋላ የሚመጡት ልጆቻችን የሁለተኛውን ኢዮቤልዩ ሲያከብሩ፥ ያቆምነውን ግንብ አይተው ቢያመሰግኑን ደግ ነው፤ ጌታን በቤቱ ብቻውን ያልተዉ ሰዎች ነበሩ ቢሉን ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ያች አረጋዊት እናት ዛሬም በዚያው ዐምድ ሥር ተቀምጠዋል። ይህ ንግግር ተፈጽሞ ወደ ግብሩ ስንሄድ እኔ በሩን አልዘጋም፤ ሊሰናበት የሚወድ ሁሉ አስቀድሞ ይግባ።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በእግሩ ሥር የመቀመጥን ጸጋ ለሁላችን ይስጠን፤ ከዚያም ተነሥተን ወደሚልከን ሁሉ ለመሄድ ያብቃን። አሜን።