ከቁስሉ የሚበልጥ ሕመም፦ በወረርሽኝ ወቅትም የማይዘገይ ሕክምና

(በጎብዬ ለነዋሪዎች የቀረበ የጤና ትምህርት ንግግር)



የኮሮና ቫይረስ በሽታ በሀገራችን መገኘቱ ከተረጋገጠበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ ርቀታችንን እንድንጠብቅ፣ አፍና አፍንጫችንን እንድንሸፍንና ያለ በቂ ምክንያት ከቤት እንዳንወጣ ስንመክር ነበር። ሆኖም «ከቤት አትውጡ» ማለት «ብትታመሙም ወደ ጤና ተቋም አትሂዱ» ማለት አልነበረም። ዛሬ የምናነሣው በሽታ ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳያል።

በሽታው በሕክምና ስሙ ኔክሮታይዚንግ ፋሺያይተስ ይባላል፤ በተለምዶ «ሥጋ በል ባክቴሪያ» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። በብዛት የሚከሰት አይደለም፤ ሲከሰት ግን በሰዓታት ውስጥ ይስፋፋል። ሕክምና ካገኙት መካከል እንኳ ከአምስት ሰዎች አንዱ ያህል ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ የሚገባው በተከፈተ ቆዳ ነው፦ በማሽላ አጨዳ ጊዜ ማጭድ በቆረጠው ጣት፣ እሾህ በወጋው እግር፣ ወይም በነፍሳት ንክሻ። አልፎ አልፎም ምንም ቁስል ሳይታይ ይጀምራል። የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸውና በሽታን የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ወገኖች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

በሽታው በምን ይለያል? ዋናው ምልክት ከቁስሉ መጠን ጋር የማይመጣጠን ብርቱ ሕመም ነው። ቆዳው ጥቂት ብቻ ቀልቶ ሳለ ሕመምተኛው መቋቋም ያቅተዋል። እብጠቱ በፍጥነት ይሰፋል፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስታወክና ድካም ይከተላሉ። ቆዳው ሲጠቁር፣ ውሃ ሲቋጥርና ሲደነዝዝ በሽታው ገፍቷል። በዚህ ጊዜ የሕመሙ መጥፋት የመዳን ምልክት አይደለም፤ የነርቮችን መሞት ያመለክታል። የደም ምርመራና ምስል ሐኪሙን ያግዛሉ፤ እርግጠኛው ማረጋገጫ ግን በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በዓይን የሚታየው ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው ከበረታ ሐኪሙ የምርመራ ውጤት አይጠብቅም።

«መርፌና ኪኒን አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አይበቃም። በሽታው የደም ሥሮችን ስለሚዘጋ በደም የሚጓዘው መድኃኒት ወደ ሞተው ሥጋ አይደርስም። ስለዚህ የሞተው ሥጋ በቀዶ ሕክምና መወገድ አለበት፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይደገማል። ጎን ለጎን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል። ቤተሰብ «ትንሽ እንታገሥ» እያለ ፈቃዱን ሲያዘገይ፣ ዛሬ ጥቂት ሥጋ በማውጣት ሊታለፍ የሚችለው ነገ እግርን፣ ከዚያም ሕይወትን ሊያስከፍል ይችላል።

እንግዲህ ቁስልን ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ፤ ቡና፣ አመድ ወይም ቅጠል አታድርጉበት። የተጠቀሱት ምልክቶች ሲታዩ ሌሊትም ቢሆን ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከዚያም ወደ ወልድያም ሆነ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሌላ ሆስፒታል ስትላኩ አታመንቱ። አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ ታማሚውን አትሽሹት።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ሰዓት የማይሰጠውን ሕመም በሰዓቱ እናሳክም።