የወላጅ ስጋትና የመምህር አደራ



አባት ልጁን ለሥራ ሲያሰናብት ሊመክረው የሚገባው ስለ ትጋትና ስለ ታማኝነት ነው። ልጁ በዶራሌ ወደብ ሥራ ሊፈልግ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ግን ሌላም ምክር ለመጨመር ይገደዳል፤ ይኸውም ወረቀትህን ከኪስህ አትለይ፣ ሲያስቆሙህ አትሩጥ፣ ቃልህን ከፍ አታድርግ የሚል ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ጥቁር ወላጆችም ልጆቻቸው ከፖሊስ ጋር ሲገናኙ እንዴት እንዲሆኑ ይህንኑ የመሰለ ምክር ሲሰጡ ኖረዋል። አገሩ ይለያይ እንጂ ስጋቱ አንድ ነው፤ ልጁ ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ መልኩ እንዳይጠረጠር መፍራት ነው።

ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ጄኔራል ደጎል ጂቡቲን ከጐበኙ በኋላ የፈረንሳይ ገዥዎች ከተማይቱን በሾህ ሽቦ አጠሩ፤ በበሩም የሚገባው ሰው ትውልዱ ይመረመር ጀመር። ማስረጃ ያጣው ከአጥሩ ውጭ፣ በባልባላ፣ ጎጆውን ቀለሰ። ጂቡቲ በ1977 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ወረቀት የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች እንዲወጡ በታዘዘ ጊዜ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች አገሩን ለቀው ሄዱ። በኒውዮርክም በ2013 ዓ.ም. አንዲት የፌዴራል ዳኛ ፖሊሶች መንገደኛን እያስቆሙ የሚፈትሹበት አሠራር የጥቁሮችን መብት የጣሰ ነው ብለው ፈርደዋል።

መንግሥት ድንበሩን የመጠበቅና ወረቀት የመጠየቅ ሥልጣን እንዳለው የሚክድ የለም። ነገር ግን ወረቀቱ ከመታየቱ በፊት በመንገድ ላይ የሚታየው ፊትና አነጋገር ነው። ጥርጣሬ በፊት ላይ ሲመሠረት ንጹሑ ይዋረዳል፤ ፊቱ ያልተጠረጠረው ጥፋተኛ ግን በሰላም ያልፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው አሠራር ፍትሕን ብቻ ሳይሆን ጥበቃውንም ይጐዳል።

ይህ ጠባይ የሚጀመረው በኬላ ላይ ብቻ አይደለም። በክፍል ውስጥ እርሳስ በጠፋ ጊዜ መምህሩ አስቀድሞ የእንግዳውን ልጅ ቦርሳ ቢፈትሽ፣ አርባው ተማሪ ያለ መጽሐፍ አንድ ትምህርት ተምሯል። ከእነዚህም አንዱ ነገ ፖሊስ፣ ሌላው የወደብ ሹም ይሆናል። መምህሩ ግን ማን የት እንደ ተቀመጠ፣ ማን ምን እንዳየ ጠይቆ ቢመረምር፣ ማስረጃ ከመልክ እንደሚበልጥ በሥራው አስተማረ።

የወላጅ ምክር ልጁን በሰላም ወደ ቤቱ ይመልሰው ይሆናል። ነገር ግን መልኩ ጥፋት አለመሆኑን እንዲያምን የሚያደርገው፣ በየዕለቱ በስሙ የሚጠራውና በሥራው ብቻ የሚመዝነው መምህር ነው። አደራውም ይኸው ነው።