በስልካችን ላይ ስላሉት የሥራ መርጃዎች የተደረገ ንግግር



 የምንናገረው ስለ ጉግል ዶክስና ስለ ጉግል ካሌንደር ነው። ሁለቱም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. የወጡ ናቸው።

ዶክስ ባለውለታችን ነው። አራት ሆነን፤ በየቤታችን ተቀምጠን፤ አንዱን ጽሑፍ ባንድ ጊዜ ስንጽፍ ከመካከላችን አንዱ በስሕተት የደመሰሰውን ገጽ ከቀድሞው ቅጂ መልሶልናል። (የደመሰሰው ማን እንደ ሆነ ጭምር መናገሩ ግን ጠብ አስነሥቶ ነበር።)

በካሌንደሩ ግን እጅግ ተቸግረናል። ከፈተና በፊት ለሚደረገው ክለሳ ጠዋት በ2 ሰዓት እንዲያስታውሰን ብንጽፍለት፤ እርሱ የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለ ሆነ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጮኸና እናንተን ወላጆቻችንን ከእንቅልፍ ቀሰቀሰ፤ ይቅርታ አድርጉልን። ሲነጋ ግን ዝም ስላለ ክለሳው አመለጠን፤ በፈተናውም ውጤታችን ዝቅ አለ። ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አንክድም። ከዚያ ወዲህ የጠዋቱን ሰዓት 6 ጨምረን እንጽፋለን፤ 2 ያልነው 8 ይሆናል ማለት ነው። የጾምና የበዓል ቀን ሲሆን ግን ዛሬም ቀድመን የምናየው እናቶቻችን በግድግዳ ላይ የሰቀሉትን የወረቀት ቀን መቍጠሪያ ነው።