አዳራሹ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሰባት ቤት

ዛሬ የምናወራው ስለ ሰርግ ነው። ስለ ቀሚስ አይደለም፣ ስለ ፎቶ አንሺም አይደለም፣ እሱን ኢንስታግራም ይንገራችሁ። የማወራው ገና ለአዳራሹ ቀብድ ሳይከፈል መወሰን ስላለባቸው ነገሮች ነው። እኔ ራሴ አሁን እዚያው ውስጥ ነኝ። ልጁ አለ፣ እኔ አለሁ፣ ፍላጎቱም አለ። ሽማግሌ ግን ገና አልመጣም፤ ስለዚህ «እጮኛዬ» ማለት አልተፈቀደልኝም። እናቴ ይህን ፕሮግራም ስለምትሰማ እስከ መጨረሻው «ልጁ» እያልኩ ነው የምጠራው።

በዕብራይስጥ ስለ ሰርግ ዝግጅት የምታነቡት ሁሉ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አለው፦ በጀት፣ የእንግዳ ብዛት፣ ቀን፣ አዳራሽ፣ ራባኑት። ጥሩ ነው፣ ለሌላ ሰው። ለእኛ ግን ከበጀቱ በፊት የሚመጣ አንድ ቁጥር አለ። ሰባት።

ቤት ውስጥ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፦ «ሰባት ቤት ይቆጠር»። በቤተ እስራኤል ወግ ወንዱና ሴቷ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ የሚያገናኛቸው ዘር ካለ አይጋቡም። በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጎንደር ውስጥ ጎረቤቶቻችን የነበሩት ክርስቲያኖችም ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በሃላካ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። በአይሁድ ሕግ የአጎት ልጅ ማግባት እንኳን ይቻላል። ራባኑት ሄዳችሁ ስትመዘገቡ የቅድመ አያታችሁን እናት ስም የሚጠይቃችሁ የለም። የሚጠይቁት ሽማግሌዎቻችን ብቻ ናቸው።

ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። አገር ቤት ቤተሰቡ መጀመሪያ ዘር ያጣራል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይልካል፤ ልጆቹ ብዙ ጊዜ በደንብ የሚተያዩት ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ተገለበጠ። በሠራዊት፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በጓደኛ ሂና ላይ ትተዋወቃላችሁ። ሁለት ሦስት ዓመት አብራችሁ ትቆያላችሁ። አዳራሽ ታያላችሁ፣ ቀን ትይዛላችሁ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አንድ አዛውንት የቡና ስኒያቸውን ያስቀምጡና «ቆዩ እስቲ፣ የእሷ አያት የማን ልጅ ነበረች?» ይላሉ። በቃ፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። በየሰፈራችን እንዲህ ያለ አንድ ታሪክ አለ። ዝምድና ተገኝቶባቸው የተለያዩ አሉ። እንቢ ብለው ተጋብተው ግማሹ ዘመድ ሰርጉ ላይ ያልቆመላቸውም አሉ።

«እኛ እኮ የቤተሰብ ስማችን አይገናኝም» የሚል ሁሌም አለ። ይሄ ምንም ማስረጃ አይደለም! አያቶቻችን ኢትዮጵያ ውስጥ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ አለቀ። እዚህ ሲደርሱ ሲመዘገቡ የአባት ወይም የአያት ስም ተወስዶ የቤተሰብ ስም ሆነ። የእኔ አያትና ታናሽ ወንድማቸው አንድ እናት፣ አንድ አባት ናቸው። አንዱ በ1984 በሱዳን በኩል መጡ፣ ሌላው በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፤ ያ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው የገባበት ነው። ዛሬ በአንዱ መታወቂያ ላይ የቤተሰብ ስም የአባታቸው ነው፣ በሌላው ላይ የአያታቸው። ልጆቻቸው በተለያየ ከተማ አደጉ። የልጅ ልጆቻቸው ቢገናኙ ከመታወቂያው ምንም አያውቁም። በዚያ ላይ ለብዙዎቹ ወላጆቻችን ትምህርት ቤትና መቀበያ ማዕከል ውስጥ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ሽማግሌው የሚያውቋት ሴት ሌላ፣ መታወቂያው ላይ ያለችው ሌላ።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያላችሁ ስትወጡ ሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ሰው ይደርሳል። ለአንድ ሰው ብቻ ነው ይሄ። 128 ስም በጭንቅላቱ የያዘ ማንም የለም። ሽማግሌዎቹ የሚያስታውሱት ዝርዝር ሳይሆን ቅርንጫፍ ነው፦ እገሌ ከወገራ ወጥቶ ደምቢያ አገባ፣ እህቱ ሰሜን ሄደች፣ ከእሷ እነ እገሌ ተወለዱ። አንዱ የማያውቀውን ሌላው ያውቃል። ለዚህ ነው አንድ ሽምግልና ሲታሰብ ከቂርያት ጋት እስከ ሃይፋ ስልክ የሚደወለው። ጊዜ ይፈልጋል። በሁለት ቀን አያልቅም።

እኔና ልጁ ወላጅ በይፋ ከመስማቱ በፊት የራሳችንን ቆጠራ ለመጀመር ወሰንን። እኔ የሬሆቮት ልጅ ነኝ፣ ከቂርያት ሞሼ። እሱ ከገደራ ነው። የምንገናኘው ቢሉ ሴንተር ነው። ሁላችንም ሬሆቮት እንላለን እንጂ ቦታው ቂርያት ኤቅሮን አጠገብ ነው፤ እንደ እኛ ላለ ጥንድ ደግሞ ጥሩነቱ የማንም ሰፈር አለመሆኑ ነው። አክስት ብታገኛችሁ እንኳን «ጫማ ልገዛ መጥቼ ነው» ማለት ይቻላል። (ኧረ እናቶቻችን ራሳቸው እዚያው ሱቅ ውስጥ «በአጋጣሚ» ተገናኝተዋል። ሽማግሌ ሳይላክ መገናኘት ስለማይገባ ሁለቱም ስለ ፎጣ ዋጋ ብቻ ነው ያወሩት።)

እሱ ከአያቱ ጋር ሁለት ዓርብ ተቀመጠ፣ እኔም ከአያቴ ጋር። አያቴን በቀጥታ «ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ» ብላት ወዲያው ይገባታል፤ ስለዚህ «እማማ፣ ስለ አምቦበር አጫውቺኝ» ብዬ ጀመርኩ። በሦስተኛው ጥያቄ «ልጁ የማን ነው?» አለችኝ። በቃ፣ አያት አይታለልም።

ከልምዳችን ልንገራችሁ። ስሞቹን በግዕዝ ፊደል ጻፉ። እኔ መጀመሪያ በዕብራይስጥ ጻፍኩ፣ ከዚያ ሁለት ስም መለየት ከበደኝ፤ «ቸ» እና «ጨ» እዚያ አንድ ይሆናሉ። ከስሙ ጎን አገሩን ጻፉ። የቤት ስም ወይም ቅጽል ስም ከነበረ እሱንም። ሴቶቹን አትዝለሉ። አዛውንቶች ሲያወሩ የወንዱን ሐረግ ይቀናቸዋል፤ «እናቱስ?» ብላችሁ መመለስ የእናንተ ሥራ ነው። ቆጠራው ከእናንተ ነው የሚጀምረው ወይስ ከወላጆቻችሁ፣ እሱንም ጠይቁ፤ አንድ ቤት ልዩነት ብዙ ያመጣል።

ከዚያ ወረቀቶቻችንን ይዘን ቢሉ ሴንተር ቡና ላይ ተቀመጥን። እሱ አራት ገጽ፣ እኔ ሦስት። አንድ ስም ሁለቱም ላይ አለ። ስሙን አልናገርም። በእኔ በኩል አምስተኛ ላይ፣ በእሱ በኩል ስድስተኛ ላይ፤ አገሩም ሁለቱም ወገራ ነው። ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም ስለሆነ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ላይሆኑም ይችላሉ። ቡናው ቀዘቀዘ።

ያን ቀን የወሰንነው ነገር ይመስለኛል እስካሁን ከወሰንናቸው ሁሉ ትልቁ። ሽማግሌዎች ከመናገራቸው በፊት፣ አንድ ሰው ከሆነ ምን እናደርጋለን? እሱ «እስከ አምስት ከሆነ እናቆማለን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ እንለምናለን» አለ። እኔ ሰባቱን አከብራለሁ። አንድ ለቅሶ ቤት ገብቼ አንገቴን ደፍቼ መቀመጥ አልፈልግም፣ ልጆቼም እንዲያ እንዲቀመጡ አልፈልግም። እሱ ደግሞ «ራባኑት የማይከለክለውን እኛ ለምን?» ይላል። አልተስማማንም። ግን አንድ ነገር ላይ ተስማማን፦ የናታንያ የአያቱ እህት እስኪጠየቁ ድረስ ምንም አንፈርምም።

ሰባቱን የማትቀበሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ አልፈርድም። የምለው ይሄን ክርክር ቀብድ ሳትከፍሉ ተከራከሩት ነው። አዳራሽ ያላችሁ ጊዜ ክርክሩ ስለ ገንዘብ ይሆናል፣ ከዚያ ማን ምን እንደሚያምን አይታወቅም።

እሺ፣ አዳራሹ። አብዛኛው ውል ዝቅተኛ የእንግዳ ቁጥር ያስገባችኋል። ለምሳሌ ለ400 ሰው በ250 ሼቅል ከፈረማችሁ 300 ሰው ቢመጣም የ400ውን፣ 100,000 ሼቅል ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ቁጥሩን ዝቅ አድርጋችሁ ፈርሙ፣ መጨመር ከመቀነስ ይቀላል። ቀኑ ቢራዘም ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቁ፤ እኛ ዘንድ የቅርብ ዘመድ ሲያርፍ ሰርግ ላይ ምን ጫና እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሐሙስና የበጋ ማታ ውድ ነው፣ እሑድና ክረምት ይረክሳል። የዖሜር ሳምንታትና ከ17 ታሙዝ እስከ 9 አቭ ያለው ጊዜ ስለሚወጣ የበጋው ቀን ጠባብ ነው። ስግድንም አትርሱ፤ 29 ሔሽቫን ዙሪያ ሽማግሌዎቻችሁ ሐሳባቸው ኢየሩሳሌም ነው።

የእንግዳ ቁጥሩን ግን እናንተ አትወስኑትም፣ አትድከሙ። «150 ሰው፣ የምናውቃቸው ብቻ» ያለች ጓደኛ አለችኝ። አባቷ «እኔ ሠላሳ ዓመት ሰው ሰርግ ላይ ፖስታ ስሰጥ ኖሬ?» አላት። ትክክሉን ነው። የሰጠው ሁሉ ቤት ውስጥ ደብተር ላይ ተጽፏል፤ እሱ ብድር ነው፣ ሳይጠሩ መቅረት አይቻልም። እኔ ቁጥሩን ለሁለቱ አባቶች ሰጥቼ የጓደኛ ኮታ ብቻ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ። እና ያ የስልክ መልእክት፣ «ለመምጣት 1ን ይጫኑ»? ለአዛውንት አትላኩት። ደውሉ፣ በአማርኛ። ያኔም «እግዚአብሔር ያውቃል» ይሏችኋል። «እግዚአብሔር ያውቃል» ለእኔ አዎ ነው፤ ሳህን አስቡላቸው።

ምግብ፦ የኮሸር ፈቃድ ያለው አዳራሽ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ምግብ አያስገባም። እንጀራና ዶሮ ወጥ ሰርጉ ላይ የግድ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ካልሆነ እንጀራው ለሽማግሌው ቀንና ለሂናው ይሁን። ዘፋኝና ዲጄ ላይ የምለው የለኝም፣ ሁለቱም ይኑሩ።

ከዚህ ቀጥሎ ማን ያጋባን የሚለው ነው። እዚህ አገር የሲቪል ጋብቻ ስለሌለ በሕግ የሚመዘገበው በራባኑት የሚደረገው ነው። የቄሶቻችን ቀሸራ፣ ያ በሙሽራው ግንባር ላይ የሚታሰረው ነጭና ቀይ ክር፣ በሕግ ዘንድ አይቆጠርም። አንዳንዶች ሁፓው ከማለቱ በፊት ወይም በሌላ ቀን ቀሸራውን ያደርጋሉ። እኔ እፈልጋለሁ፣ ልጁም ይፈልጋል፤ የሚሰማን ዲጄ አጥፍቶ አሥር ደቂቃ የሚሰጥ አዳራሽ ካገኘን ነው። ምዝገባው ላይ ደግሞ አንድ ጠቃሚ ነገር፦ ከ2013ቱ ሕግ ማሻሻያ በኋላ በምትኖሩበት ከተማ ብቻ መመዝገብ ግዴታ አይደለም፣ በአገሪቱ ውስጥ የፈለጋችሁት የሃይማኖት ምክር ቤት መሄድ ትችላላችሁ። አንድ ቦታ ፊት ከጠቆረባችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። ወላጆቻችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተጋቡ የራባኑት ክቱባ ስለማይኖራቸው ሌላ ማረጋገጫ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ምስክሮቻችሁንም አስቡ።

ይሄ ቀላል የሆነው በከንቱ አይደለም። ራቢ ዖቫዲያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ከወሰኑ በኋላም ዋናው ራባኑት ለመጋባት የሚመጡትን ሚቅዌ ግቡ ይል ነበር። በ1985 ሰዎቻችን ኢየሩሳሌም ዋናው ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። የናታንያው ራቢ ዳዊት ሼሉሽ ያለዚያ ቅድመ ሁኔታ ያጋቡ ስለነበር ከየከተማው ወደ እሳቸው ይኬድ ነበር። የእኔ አክስት አንዷ ናት፤ ከደቡብ ድረስ በአውቶቡስ።

እኛም በሚመጣው ሳምንት ወደ ናታንያ ነን፣ ወረቀቱን ይዘን፣ ወደ አያቱ እህት። የ90 ዓመት ሰው ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ነው የሚያስታውሱት አሉ፣ ስለዚህ በጠዋት እንነሳለን። አዳራሿ ሴትዮ ትናንት ደውላ «ሌላ ጥንድ ቀኑን ይፈልጋል» አለችኝ። ስጡት አልኳት።

የራሳችሁን ቆጠራ የጀመራችሁ ካላችሁ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፣ ስም ሳትጠሩ። ቻው፣ ደህና ሰንብቱ።