ሳቅና ዓይን፦ ከአንድ የጠረጴዛ ምትሐተኛ ትርዒት የሚገኝ ትምህርት

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)





ከዚህ መድረክ ላይ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ መንገድ ሲነገር መስማት ለምደናል። ዛሬ በእኔ ተራ የማቀርበው ጉዳይ ግን በመጀመሪያ ሲሰሙት ከቁም ነገር የራቀ ይመስላል፤ ስለ አንድ ምትሐተኛ፣ ያውም አዋቂዎችን ብቻ ሰብስቦ፣ በጨዋ ማዕድ ላይ የማይነሣ ቀልድ እያወራ ስለሚያታልል የጠረጴዛ ምትሐተኛ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ሰው ጥበብ የሚያርፈው እኛ እንጀራችንን በምናገኝበት ነገር ላይ፣ ማለትም «አይቻለሁ» በሚለው ቃል ላይ ስለሆነ፣ ጊዜያችሁን በከንቱ የማባክን አይመስለኝም።

በቅድሚያ ቃሉን ላጥራ። በአገራችን ምትሐት ሲባል ወደ ልቡና የሚመጣው የደብተራ አስማት፣ ድግምትና አፍዝ አደንግዝ ነው። እኔ የምናገርለት ሰው መንፈስ አይጠራም፤ ሥር አይምስም። መሣሪያው እጁ፣ ምላሱና የተመልካቹ አእምሮ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ማስረዳት በሌላውም ዓለም አስቸጋሪ ነበር። እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1584 ባሳተመው መጽሐፍ የእጅ ቅልጥፍናን ዘዴዎች ዘርዝሮ የገለጠው፣ ሰዎች በጥንቆላ ስም በሚከሰሱበትና በሚገደሉበት ዘመን፣ ተአምር መስሎ የሚታየው ሁሉ የሰይጣን ሥራ አለመሆኑን ለማሳየት ነበር። ለእኛም ቢሆን ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በየመንገዱ ጥግ «ቀይዋን ያየ!» እያለ ሦስት ካርታ የሚያገላብጠውን ቁማርተኛ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ ቁማርተኛው ማታለሉን ሲደብቅ፣ ምትሐተኛው «አታልላችኋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ማስታወቁ ነው።

ሰፊ መድረክ፣ መጋረጃና ብዙ መብራት የሚያስፈልገው ትልቁ ትርዒት አንድ ነገር ነው፤ የጠረጴዛ ምትሐት ግን ሌላ ነው። በዚህኛው ተመልካቹ ከባለሙያው እጅ የሚርቀው አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው። ዕቃዎቹም ካርታ፣ ሳንቲም፣ ገመድ፣ ሦስት ኩባያና ጥቂት ትናንሽ ኳሶች ናቸው። የኩባያው ጨዋታ ጥንታዊ ከመሆኑ የተነሣ የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ በመጀመሪያው መቶ ዓመት በጻፈው ደብዳቤ ላይ አንሥቶታል፤ በዚህ ጨዋታ የሚያስደስተው መታለሉ ራሱ እንደሆነ፣ ዘዴው ከታወቀ በኋላ ግን ደስታው እንደሚጠፋ ያመለክታል።

ይህን ጥበብ ከቀልድ ጋር ያዋሐዱ ስመ ጥር ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 በማድሪድ የተወለደው ሁዋን ታማሪዝ ጸጉሩን አንጨባሮ፣ እየጮኸና እየዘለለ፣ ተንኮሉ በተፈጸመ ቁጥር በእጁ የሌለ ቫዮሊን እየመታ ተመልካቹን ያስቃል፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ምትሐተኞችም እንደ መምህር ይቆጥሩታል። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ደግሞ ምትሐትን በመጠጥ ቤትና በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ማሳየት የቆየ ልማድ ነው። ማት ሹሊን የተባለው የምግብ ቤት ሰው የካርታውን ክምር ከግድግዳ ጋር ሲያላትመው፣ ሌሎቹ ካርታዎች ረግፈው እንግዳው የመረጠው አንዱ ብቻ ተሰክቶ ይቀር ነበር። ይህንኑ ልማድ በመከተል እ.ኤ.አ. በ2018 በከተማይቱ ሰሜናዊ ክፍል የተከፈተው ቺካጎ ማጂክ ላውንጅ ከውጭ ሲያዩት የልብስ ማጠቢያ ቤት ይመስላል፤ ማታለሉ ከበሩ ይጀምራል ማለት ነው።

ለሙያ ጉዳይ በሄድሁበት ጊዜ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ያየሁት ምትሐተኛ በዚያችው ከተማ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ነበር። ከዘዴው ጥቂቱን ስለምገልጽ ስሙን አልጠራም። ልጅ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድ በሩ ላይ ተነግሮናል። ዐሥራ ሁለት ያህል ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን፤ ለእኔ የደረሰኝ ቦታ ከዳር፣ ከምትሐተኛው ቀኝ ትከሻ አጠገብ ነበር።

ሦስቱን የብረት ኩባያዎች ባዶ መሆናቸውን አሳይቶ ደፋቸው። ከተመልካቾቹ መካከል በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ነበሩና ባልየውን አስነሥቶ አንዲት ትንሽ ኳስ በጭብጡ አስያዘው። የሰውየው እጅ ጥቂት ተንቀጠቀጠ። ምትሐተኛው ወደ ሚስትየዋ ዞሮ፣ እንደ ሐኪም በተቆርቋሪ ድምፅ፣ «እመቤቴ፣ ሲጀምር ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይስ ዛሬ ሰው ስላየው ነው?» ሲል ጠየቃት። እርስዋም ሳትዘገይ፣ «ታገሥ፤ ብዙ አይቆይም» ብላ መለሰችለት። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ባልየውም ሳቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። በተነገረው ውስጥ አንድም የነውር ቃል የለም። ሰሙ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ ነው፤ ወርቁን ቆፍሮ ያወጣው አድማጩ ነው። በእኛም አገር አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በእንግዳው ላይ የሁለት ትርጉም ግጥም ሲያወርድበት የሚሆነው ይኸው ነው፤ ነውሩን የጨረሰው አድማጩ ስለሆነ አዝማሪውን መክሰስ አይቻልም። ምትሐቱም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ባለሙያው ግማሹን ያሳያል፤ ቀሪውን አእምሯችን ይሞላል፤ የሞላውንም በዓይኑ እንዳየው አድርጎ ይመዘግባል። ስለዚህ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቀልዱ የምትሐቱ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱም አንድ ሥራ ነበሩ።

ሰው ሁሉ ሲስቅ የምትሐተኛው ቀኝ እጅ ወደ ኮቱ ኪስ ወርዶ ወደ መካከለኛው ኩባያ ተመለሰ። ፍጥነት አልነበረውም፤ መሐረቡን ወደ ኪሱ እንደሚከት ሰው በዝግታ ነበር። ከተቀመጥሁበት ዳር ሆኖ ለሚያይ ነገሩ እንደ ቀን ብርሃን ግልጽ ነበር። ሳቁ ጋብ ሲል ኩባያውን አነሣው፤ ከሥሩ አንድ ትልቅ ብርቱካን ተገኘ። ከፊት ለፊት የነበሩት ጮኹ፤ አንዳንዶቹም ከወንበራቸው ተነሡ።

በማግስቱ ሁለቱን ባልደረቦቼን ያዩትን እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። አንደኛው ዓይኑን ከምትሐተኛው እጅ ላይ ለአፍታ እንኳ እንዳልነቀለ፣ ኩባያውም ከተደፋ በኋላ ፈጽሞ እንዳልተነካ በሙሉ ልብ ተናገረ። ሁለተኛው ብርቱካኑ ከመጀመሪያ ጀምሮ እዚያው እንደነበረ አስረዳ፤ ኩባያው ባዶ ሆኖ መታየቱን ሳስታውሰው፣ ባዶነቱን ያየው የሌላኛውን ኩባያ ነው አለ። ሁለቱም መጠጥ አልቀመሱም፤ ሁለቱም በሥራቸው የተመሰገኑ መሐንዲሶች ናቸው፤ አንዳቸውም አልዋሹም። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ በጣም ተጠንቅቆ የተመለከተው ሰው ምስክርነት ከሁሉ የጸና መሆኑ ነው።

ይህ የሁለት ሰዎች ድክመት አይደለም። ፈረንሳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1894 ስለ ምትሐተኞች ጥናት ካወጣ ወዲህ ጉዳዩ ሲመረመር ቆይቷል። ጉስታቭ ኩንና ማይክል ላንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ምትሐተኛው ኳስ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልባል፤ በሦስተኛው ግን ኳሱን በእጁ ደብቆ የወረወረ ይመስላል። በዓይኑ ወደ ላይ ሲከተል ከተመልካቾቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ኳሱ ወጥቶ በአየር ላይ ሲጠፋ «አይተናል» አሉ፤ ዓይኑን በእጁ ላይ ሲያሳርፍ ግን እንዲህ ያሉት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነበሩ። ያልተወረወረ ኳስ ታየ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 24 የራጅ ሐኪሞች የሳንባ ምስሎችን እንዲመረምሩ ተሰጣቸው፤ በምስሎቹ ውስጥ ከሚፈልጉት እባጭ 48 ጊዜ የሚበልጥ የጎሪላ ሥዕል ገብቶ ነበር። ሃያው አላዩትም። የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲለካ ግን አብዛኞቹ በቀጥታ ሥዕሉ ያለበትን ቦታ ተመልክተው ነበር። እንግዲህ ዓይን ማሳረፍና ማየት አንድ እንዳልሆኑ፣ ሊቅነትም ከዚህ እንደማያድን ተረጋግጧል።

የተማረ ሰው መታለል ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልጨምር። የአውሮፕላን ሠሪው ጄምስ ማክዶኔል በሰጡት 500,000 ዶላር በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ረቂቅ ኃይል አላቸው የሚባሉ ሰዎችን የሚመረምር ቤተ ሙከራ ተቋቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ምትሐተኛው ጄምስ ራንዲ ሁለት ወጣት ምትሐተኞችን፣ አንዱ የ17፣ ሌላው የ18 ዓመት ልጅ፣ ባለ ኃይል መስለው ወደዚያ እንዲገቡ አደረገ። በአንጻሩም ለቤተ ሙከራው የጥንቃቄ ዝርዝር ጽፎ ላከ። ወጣቶቹ ማንኪያ በኃይላችን አጠፍን እያሉ ተመራማሪዎቹን ረዘም ላለ ጊዜ አታለሉ፤ ነገሩም እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ሆነ። ልጆቹ «ታታልላላችሁን?» ተብለው በቀጥታ ከተጠየቁ እውነቱን እንዲናገሩ አስቀድሞ ተስማምተው ነበር። ይህን ግልጥ ጥያቄ የጠየቃቸው አልነበረም።

ክቡራትና ክቡራን፤

አሁን ወደ ሥራችን ልመለስ። አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፌሮውንና ካሳፎርማውን የሚመረምር መሐንዲስ በሚቆምበት ቦታ ምን ይሆናል? የኮንክሪት መኪናው ደርሶ ሞተሩ ይጮኻል። ፎርማኑ የቆየ ወዳጅ ነው፤ ጨዋታ አዋቂም ነው። ቡና ይቀርባል፤ ሳቅ ይከተላል። ማንም ሊያታልል አላሰበም ይሆናል። ነገር ግን ከአምዱ ሥር የስታፋው ርቀት ከሥዕሉ ከሰፋ፣ ያ ሳቅ ከቺካጎው ሳቅ የሚለይበት ነገር የለም። መሐንዲሱ ሦስት ትክክለኛ አምዶች አይቶ አራተኛውን አእምሮው ይሞላለታል፤ ፊርማውም በቅን ልቡና ይሰፍራል። ምትሐተኛው ሲያታልለን የምናጣው ጥቂት ኩራት ነው። አርማታ የደበቀው ጉድለት ግን የሰው ሕይወት ያስከፍላል፤ እንደ ኩባያም አንሥተን አናየውም።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገሮችን ለማኅበራችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በመቆጣጠሪያ መዝገባችን ላይ «አየሁ»፣ «ተነገረኝ» እና «ገመትሁ» የሚሉ የተለያዩ ዓምዶች ይኑሩ፤ ጽሕፈቱም በቦታው፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ይፈጸም። ሁለተኛ፣ የሚሸፈን ሥራን ሁለት ሰዎች ከሁለት አቅጣጫ ይመልከቱት፤ ብርቱካኑ ሲገባ ለማየት የሚያስፈልገው ብልህነት ሳይሆን የዳር መቀመጫ ነበርና። ሦስተኛ፣ ግልጡን ጥያቄ ለመጠየቅ አንፈር፤ «ከሥዕሉ የተለወጠ ነገር አለን?» ብሎ መጠየቅ ማንንም መስደብ አይደለም።

ከሦስቱ ሁሉ የሚከብደው ግን የዳሩ ሰው ዕጣ ነው። ሁሉም ሲስቅ ያልሳቀ፣ ያየውንም ያየ ሰው በየሥራ ቦታው አለ፤ ብዙ ጊዜም ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ጀማሪ ነው። በትርዒት ክፍል ውስጥ ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ የሌላውን ደስታ አያበላሽም። በሥራ ቦታ ግን ያ ዝምታ ወንጀል ነው። ዝም የሚያሰኘውም ብዙውን ጊዜ ፍርሃት ሳይሆን መሳቂያ መሆንን መጥላት ነው። የቺካጎው ምትሐተኛ በዚህም የሚመሰገን ነበር፤ በባልየው ላይ ካስቀለደ በኋላ የሚቀጥሉትን ቀልዶች ሁሉ በራሱ ላይ መለሳቸው፤ በመጨረሻም ሽማግሌውን በክብር አስጨበጨበለት። ማንም ተዋርዶ አልወጣም። እኛም በጀማሪ ባልደረቦቻችን ጥያቄ ላይ የምንቀልድ ከሆነ፣ ከዳር የሚያይልንን ብቸኛ ዓይን በገዛ እጃችን እንጋርደዋለን።

ሳቅን ከሥራ ቦታ እናስወግድ ማለቴ አይደለም፤ ያለ ሳቅ የሚገፋ ሥራ የለም። ሳቁ ሲደምቅ ግን አንድ ሰው ወደ ኪስ የሚወርደውን እጅ ይመልከት፤ ያየውንም ሲናገር የሚሰማው ይኑር እላለሁ።